ሁሉም ደጃዝማች

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ ሰቆጣ

ዛሬም ግማሽ ቀን በስብሰባ አለቀ። ለድል በዓሉ የድሮውን ጦርነት ቀለም በሚተኩስ ጠመንጃ ልናሳይ ነው አሉ። ጠላት የሚሆን ሰው ግን ጠፋ። አንድ ቀን እንኳ በሰዓቱ ቢሮ ገብቶ የማያውቅ ሁላ ደጃዝማች ካልሆንኩ ይላል። ኃላፊያችንማ ካባ አሰፍቷል።

ሕጉንም እሱ ነገረን፦ «የተመታ ይወድቃል፤ ፊሽካ ሲነፋ ይነሳል።»

ከቅርቡ ጦርነት በአንድ እግር የተመለሱት ጥበቃችን አያ ኪሮስ እጃቸውን አወጡ። «እኔ በነበርኩበት የወደቀ ሲነሳ አላየሁም» አሉ።



«ጥሩ አስተያየት ነው፣ ይያዝ» አለ ኃላፊው።

ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ። የያዝኩት ይኸው፦ «ከሰፊ ውይይት በኋላ በፊሽካው ላይ ስምምነት ተደርሷል።»