አልጋሽን መልሼ ልኬዋለሁ

እታለም፣ ከእናቴ ቀጥሎ ያለሽኝ፣

ወገብሽ እንዴት ሆነ? ሐኪሙ ያዘዘልሽን ቅባት ትቀቢያለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ለሌላ ጊዜ ብለሽ ደበቅሽው? ልጆቹስ? ጎረቤትሽ ባለ ሱቁ ዛሬም በማለዳ ሬዲዮውን እየለቀቀ ያውክሻል? እኔ ደህና ነኝ። ለደንቡ ያህል ያልኩት እንዳይመስልሽ። ደመወዜ አልተቋረጠም፣ አልታመምኩም፣ የሚበላም አላጣሁም። ይህንኑ በስልክ ልነግርሽ ስንት ጊዜ ሞከርኩ፤ ገና ሃሎ ከማለቴ አይዞሽ ስትይኝ አፌ ይተሳሰራል። ስለዚህ ጻፍኩት። እባክሽ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ያን ቀን ከሐኪም ቤት ወጥተሽ ሳትነግሪኝ ስትመጪ፣ ሳሎኔ ውስጥ ያገኘሽው አንድ ምንጣፍና ሁለት ትራስ ብቻ ነበር። በሩ ላይ እንደቆምሽ ባዶውን ግድግዳ በዓይንሽ ዞርሽው። ሶፋው የት ሄደ አልሽኝ፤ ትራሱን አቀረብኩልሽ። እኔ የገዛሁልሽ ብፌስ ስትይኝ አንገቴን ደፋሁ። ሸጠሽው ነው አይደል፣ ምነው ለእኔ እንኳን ብትነግሪኝ ብለሽ በሻሽሽ ጫፍ ዓይንሽን ጠረግሽና አይዞሽ እያልሽ አቀፍሽኝ።

አልሸጥኩትም፣ እታለም። ለሰው ሰጠሁት። ቸግሮኝ ሳይሆን ቤቴ ቀለል ይበልልኝ ብዬ ነው።

እስቲ ሳትስቂ ስሚኝ፤ ብትስቂም ይሻለኛል። ነገሩ የጀመረው በቁም ሳጥኑ ነው። ግማሹ ባዶ ሆኖ ከረመና ያንን ባዶ ግማሽ በየጠዋቱ ከፍቶ ማየት አቃተኝ። ልብሴን አንድ ሻንጣ ውስጥ ከትቼ ቁም ሳጥኑን ለዘበኛው ሰጠሁት። እንዴት እንደቀለለኝ አልነግርሽም! መሥሪያ ቤት ደግሞ አንዲት የሂሳብ ክፍል ባልደረባዬ፣ ይህ ዛሬ ብዙ ሰው የያዘው አኗኗር ነው፣ ዓመት ሙሉ ያልነካሽው ዕቃ ሁሉ መውጣት አለበት ብላ አስረዳችኝ። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመኝ? ሰሃኑ ሄደ፣ መጋረጃው ሄደ፣ ሶፋው ሄደ፣ ብፌሽም ተከተለ። ባልደረቦቼ መጥተው ወለል ላይ ተቀምጠው፣ እንዴት ሰላም ያለው ቤት ነው ሲሉኝ በኩራት ልፈነዳ ደረስኩ። እግራቸው ደንዝዞ ለመነሳት እየተደጋገፉ ነው እንግዲህ እንዲህ ያሉኝ።

ይህን ሁሉ ያኔውኑ ልነግርሽ እችል ነበር። ግን ዓይንሽ እስኪደክም የሰው ልብስ ሰፍተሽ የገዛሽልኝን ብፌ፣ ቦታ ስለያዘብኝ አወጣሁት ብዬ በየትኛው አፌ ልናገር? ሌላም አለ፣ እሱ ደግሞ ይብሳል። እናታችን ከሞተች ወዲህ እንዲያ እቅፍ አድርጎ አይዞሽ ያለኝ ሰው አልነበረም። ጣፈጠኝ። ጣፈጠኝና ዝም አልኩ።

ከዚያማ ጉድ ፈላ። ለዘመድ ሁሉ ነግረሽ ኖሮ የአጎታችን ወንበሮች መጡ። አክስታችን ድስትና ብርድ ልብስ ላከች፤ ብርድ ልብሱን ስዘረጋው ከመሀሉ ሳሙና ወደቀ። ያ ዘወትር የሚያሾፍብኝ ልጇ እንኳን ቴሌቪዥን ላከልኝ፣ አይሠራም እንጂ። ሁሉንም እግዜር ይስጥልኝ እያልኩ ተቀበልኩ፤ በሆዴ ግን ምነው ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ እላለሁ። አሁንም ነገ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ ስል ዛሬ ጠዋት አልጋው መጣ። ትርፍ ነው፣ ቤቱን አጣቦብን ነው ብለሽኝ ነበር በስልክ።

ቤትሽን አላውቀውም እንዴ፣ እታለም? ትርፍ አልጋ ከየት መጣ? ፍራሹን ገና ሳየው አወቅኩት። ሐኪሙ ጠንከር ያለ ነገር ላይ ተኚ ቢልሽ ልጆችሽ አዋጥተው የገዙልሽ ነው። አልጋውን ያመጣውን ሹፌር ብጠይቀው፣ ሴትዮዋ ልጆቼ ከሥራ ሳይገቡ ጫኑልኝ እያሉ አጣደፉን አለኝ። እኔ በዕቃ ብዛት ተማርሬ የራሴን ስበትን፣ አንቺ በዚያ ወገብሽ ወለል ላይ ልትተኚ! እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ሹፌሩን እዚያው መልሰህ ጫነው አልኩት። ምነው፣ አልወደዱትም እንዴ ቢለኝ፣ ቤቱ ጠበበኝ አልኩት፣ ያውም ኳስ የሚያጫውት ሳሎን መሀል ቆሜ። ዞር ዞር ብሎ አየና ፍራሹን መልሶ ተሸከመ። አሁን እታች መኪናው ውስጥ ምሳውን እየበላ ይጠብቀኛል። የሌሎቹን ዕቃ እኔው ራሴ በየቤታቸው እየዞርኩ እመልሳለሁ፤ እውነቱንም እነግራቸዋለሁ፣ ያሻቸውን ይበሉኝ። ያንቺን ግን ዓይንሽን እያየሁ ማስረከብ አልሆነልኝም። ዛሬ ማታ አልጋሽ ላይ ካልተኛሽ አልታረቅሽም።

ወገብሽን ይማርልኝ። ልጆችሽ ካሰቡት ይድረሱልሽ። ያንን መርፌ የያዘ እጅሽን ከድካም ይጠብቅልኝ። ዕድሜሽን ያርዝመው፣ እኔ ልክ እስክገባ ድረስ እንኳን።

ሹፌሩ ክላክስ እያደረገ ነው፤ አንድ ነገር ግን ሳልነግርሽ ልዘጋው አልችልም። ያን ቀን ባለቤቴ ሌሊት ሠርቶ ገብቶ ውስጥ ተኝቷል ብዬሽ ነበር። አንቺም እንዳትቀሰቅሺው ጫማሽን አውልቀሽ፣ በሹክሹክታ እያወራሽ፣ ለቅሶሽን እንኳን ዋጥ አድርገሽ ዋልሽ። ሌላ ጊዜ ስትመጪ እንደ ልብሽ ጮክ ብለሽ አውሪ፤ ጮክ ብለሽም ተቆጪኝ። ያ ባዶ የቁም ሳጥን ግማሽ የእሱ ነበር፤ የምትቀሰቅሺው ሰው የለም።

ያሳደግሻት ታናሽሽ