ባለሙያዎ ያልጠጡት የአስያ ወተት

አሰላ፣ ጥቅምት ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.

ለብሔራዊ የአቶም ሳይንስ ምርምር ድርጅት ክቡር ዋና ዲሬክተር
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፤ ክረምቱን በሰላም እንዳሳለፉ፣ የቤተሰብዎም ጤና እንደተጠበቀ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ የአሰላ ሰዎች የራሳችንን ጤና ከእርስዎ ለመስማት ስለምንጠባበቅ፣ ስለ ደኅንነታችን ለጊዜው የምንጽፍልዎ የለንም።

ባለፈው ሰኔ የላኩልን ወጣት ባለሙያ በግቢዬ አንዲት ክፍል ሲከራዩ፣ ሥራቸው ባሕር ማዶ የሚፈነዳው የአቶም ቦምብ አቧራ ከጭላሎ ተራራ ዝናብ ጋር ይወርድ እንደሆነ መመርመር መሆኑን በትሕትና አስረድተውናል። በየማለዳው ከጎረቤቴ ከወይዘሮ አስያ ላሞች ወተት እየወሰዱ፣ በጠርሙስ አሽገው ወደ እርስዎ ይልኩ ነበር፤ የተረፈውንም እዚያው ቆመው ይጠጡና እንዲህ ያለ ወተት አዲስ አበባ አይገኝም እያሉ ያመሰግኗት ነበር። እኛም ከዚያ ወዲህ ለተደረገልን ሁሉ ምስጋናችንን በተራ እናቀርባለን።

፩ኛ/ በነሐሴ መኪና ልከው ለባለሙያዎ የቆርቆሮ ወተት በካርቶን ስላስወረዱላቸው እናመሰግናለን። ከዚያን ቀን ጀምሮ የአስያን ወተት በጠርሙስ መውሰዱን አላቋረጡም፤ መቅመሱን ግን ተዉ። አስያ ላሞቿ ታመው እንደሆነ ብትጠይቃቸው፣ ጥናቱ ገና አላለቀም ብለው ጓንታቸውን አጠለቁ። ጓንቱም የመጣው ከቆርቆሮው ጋር ነበር።

፪ኛ/ በመስከረም መግቢያ ከላሞቿ አንዷ የሞተ ጥጃ ስትወልድ፣ ለመቅበር እንዳንደክም አስበው በሸራ አስጠቅልለው ስላስወሰዱልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። ላም ስትጨነግፍ ማየት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ለሞተ ጥጃ ከአዲስ አበባ መኪና ሲላክ ግን አይተን አናውቅም።

፫ኛ/ በማግስቱ አስያ ወተቱን በኩባያ ሞልታ ወደ ግቢዬ መጣች። እኔና ባለቤቴ አልጣሽ በረንዳው ላይ ነበርን። ባለሙያዎን ጠርታ፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ «ልጄ፣ ይህችን ጠጣልኝ፤ ከዚያ ጠርሙስህን እሞላልሃለሁ» አለቻቸው። ኩባያውን ተቀበሏት። ወደ ከንፈራቸውም አስጠግተው ነበር። ከዚያ በቀስታ መሬት ላይ አስቀመጡትና «እማማ አስያ፣ መናገር አልተፈቀደልኝም» ብለው ክፍላቸው ገቡ።

አስያ ኩባያውን አንስታ ትክ ብላ አየችው። «አንተ የማትጠጣውን የልጅ ልጆቼ ሲጠጡ ቆመህ ታይ ነበር» አለች። የተናገረችው ለተዘጋው በር ነው። ባለሙያዎ ብዙም ሳይቆዩ ለቀው ሄዱ፤ ሲሰናበቱኝ ዓይኔን አላዩኝም።

፬ኛ/ አስያ አሁን ወተቱን ትደፋዋለች። ውሃውም ከዚያው ዝናብ፣ ገብሱም ከዚያው መሬት በመሆኑ ለልጆቹ በምትኩ ምን እንደምትሰጥ ግን አታውቅም። ምን እንዳገኛችሁ እንድትነግሩን ጽፈን ለመንን፤ የደረሰን መልስ ጥናቱ እጅግ መልካም ውጤት እያስገኘ መሆኑን የሚያበስር ስለሆነ ደስታዎን እንካፈላለን።

በሰውነታችን ውስጥ ያለውን ከእኛ ከባለቤቶቹ ይልቅ ለሚያውቁት ለክቡርነትዎ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሳ፣

ካሣዬ ወልደ ጊዮርጊስ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ሳምንት ሌላ ባለሙያዎ መጥተው፣ ለምርመራ አጥንት እንደሚፈልጉ ገልጸው፣ በቅርቡ የሞተ ሕፃን እንዳለ በቤተ ክርስቲያኑም በመስጊዱም ጠይቀዋል። በዚህ ዓመት ሕፃን አልሞተብንም ብለን መለስንላቸው። አመስግነው፣ እንደሚጠብቁ ነገሩን፤ አሁን በከተማችን ለረጅም ጊዜ የሚከራይ ቤት እያፈላለጉ ነው።