እጁ አላረፈባቸውም

ዓርብ፣ ጥር 30

ማሾ ስለቅም ዋልኩ። ከቀትር በኋላ ሙቀቱ አላስቀምጥ አለ። ነገ የሙጂብ ልጆች ይመጣሉ። ፓፓያ ደብቄላቸዋለሁ፣ አባታቸው ካየው ይጨርሰዋል። ከሠላሳ ስድስት ዓመት ልጄ ፓፓያ የምደብቅ... ወልጃለሁ እላለሁ ደግሞ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 1

ከአጣዬ ይዟቸው መጣ። ሙሀባ ስምንት፣ ኑርሃን አምስት። እናታቸው ዙልፋ፣ ሙጂብ ጥርሷን ካወለቀ ወዲህ ፈትታዋለች። ሼህ ሳልህ ከአስታራቂዎቹ ከአበጋሮቹ ጋር ተቀምጠው የፈረዱት እንዲህ ነው፦ ቅዳሜና እሁድ ልጆቹን ይይ፣ ግን በእናቱ ቤት፣ በእናቱ ዓይን ሥር። እሁድ የምመልሳቸው እኔ ነኝ። ሼሁ ፊት ቆሜ "እጁ አላረፈባቸውም" ብዬ እምላለሁ። ካልማልኩ ይቀራሉ። ከሱም፣ ከኔም።

እስከ ቀትር ደህና ነበር። ጀርባው ላይ አወጣቸው። "ፈረሱ ሰነፈ!" አለች ኑርሃን። ሳቀ። ከዚያ ጫቱን ይዞ ተቀመጠ።

አሥር ሰዓት ላይ ኑርሃን ስልኩ ላይ ውሃ ደፋች። በጥፊ አላት። ሄዳ ከግድግዳው ጋር ተላተመች። ደም በአፍንጫዋ...

"ሕፃን ናት እኮ!"

"ዝም በይ። አባቴ አንቺን ሲቀጠቅጥሽ ማን ጮኸ?"

ማንም አልጮኸም። እውነቱን ነው።

እሁድ፣ የካቲት 2

የኑርሃንን ሻሽ ወደ ጉንጯ ሳብ አድርጌ አሰርኩላት። ሚኒባስ ውስጥ ሙሀባ "አያዬ፣ ዛሬ ምን ልትያቸው ነው?" አለችኝ። በመስኮት አየሁ።

ሼህ ሳልህ ዙልፋ በር ላይ ነበሩ። "እትዬ ጣይባ፣ እንዴት ከረሙ ልጆቹ?"

"አልሐምዱሊላህ። ወላሂ፣ እጁ አላረፈባቸውም።"

በስልሳ ሦስት ዓመቴ። በአላህ ስም። እንዳይቀሩብኝ ብዬ እኮ ነው... ለማን ነው የማስረዳው?

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነው። ሙጂብ ደብተሩን ሲያይ "ለመቃብርሽ ልትጽፊበት ነው?" ይለኛል። ነገረኛ። ከኔ ነው የወጣው፣ ምን አደርገዋለሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

በግራ እጄ ነው። አንዷ ቃል እድሜዬን ትፈጃለች። ቢሆንም ልጻፈው።

ቅዳሜ ዕለት ቀበቶውን ፈታ። "እናታችሁ ቤት ማን ይመጣል?"

"ማንም" አለች ሙሀባ።

"ማን?"

"ማንም፣ አባ!"

በብረቱ በኩል ነው የመታት። ጆሮዋ ላይ። ሁለተኛውን ሲያነሳ ዘነዘናውን አንስቼ ትከሻውን አልኩት። ደገምኩት። ሦስተኛውን ላነሳ ስል ቀማኝና ክንዴ ላይ አወረደው። አገዳ ሲሰበር ሰምቼ አውቃለሁ፣ እንደዚያ ነው። ጎረቤቴ ሁሴን ገብቶ ባይዘው... ልጆቹን ከአልጋ ሥር ጎትተን አወጣናቸው።

እሁድ በጀሶ እጄ መለስኳቸው። ሼሁ ክንዴን አዩት።

"ምን ሆነው ነው?"

ወድቄ ነው ልል አፌን ከፈትኩ። ሙሀባ ታየኛለች። ጆሮዋ በጥጥ ተወትፏል።

"አርፎባቸዋል" አልኩ። "ያለፈውም ሳምንት አርፏል። በሐሰት ነው የማልኩት።"

"እንግዲህ አይመጡም" አሉ ሼሁ። "እሱም ጋ፣ እርስዎም ጋ።"

ዙልፋ ልጆቹን ወደ ውስጥ አስገባች። ልታመሰግነኝ መስሎኝ ነበር። ጅል!

"የኔ ጥርስ ሲወልቅ አንቱ እዚያው ነበሩ" አለች። "ምን አሉኝ? 'ቻይው፣ ወንድ ነው' አላሉኝም?"

ብያለሁ። በሩን ዘጋችው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ጠዋት ሙጂብ መጣ። በሩን በእግሩ ደበደበው። "ልጆቼን አስነጠቅሽኝ! ክፈቺ!" ቆርቆሮው ጎበጠ። ከውስጥ ቀርቅሬ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። "እማ፣ ክፈቺልኝ" አለ ቆይቶ፣ በልጅነት ድምፁ። ተነሳሁ። መቀርቀሪያውን ያዝኩ። ለቀቅኩት።

ሄደ።

የሚስቅ ልጅ የለም ቤቱ ውስጥ። የሚያለቅስም የለም።