እምቢ የማትል ነርስ

ለምወድሽ ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እንደ እናትሽ ምርቃት ባልችልበትም አምላክ እጅሽን ከድካም፣ ልብሽን ከብቸኝነት ይጠብቅልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ተሽሎኛል፣ የሚያፈሰውንም ጣሪያ አናጢው ደፍኖልኛል።

ልጄ፣ ይህን የምጽፍልሽ አፍሬ ነው። እንደምታውቂው በስፖርት ክሊኒካችን ለየጨዋታው ተጠባባቂ ነርስ የምመድበው እኔ ነኝ። አምስት ናቸው። አራቱ ስደውል ሰበብ አያጡም፤ የአንዷ አክስት ዘንድሮ ብቻ ሦስቴ ሞታለች። አምስተኛዋ ግን መልሷ «እሺ አባባ» ብቻ ነው። እኔም ሌሎቹን መለማመጥ ሲታክተኝ በቀጥታ እሷ ጋ መደወል ለመድኩ። ባለፈው ቅዳሜ፣ ሳታርፍ በሠራችበት በአሥራ አንደኛው ቀን፣ የአንድ ተጫዋች ቁርጭምጭሚት ስትጠቀልል ሜዳው ላይ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ተጫዋቾቹ ለእነሱ በተዘጋጀው ቃሬዛ እሷን ተሸክመው አወጧት።

ኃላፊያችን «ይህን ሁሉ ቀን ማነው የመደባት?» ሲል «ራሷ ለምናኝ ነው» የሚል ውሸት ከአፌ አመለጠኝ። የክሊኒኩ አልጋ ላይ ተኝታ ሰማችኝ። ከዚያ ወዲያ ጸሎት ልጀምር ብል ከአፌ አልወጣ አለኝ። ሰኞ ለኃላፊው እውነቱን ተናግሬ፣ ይቅርታ ልጠይቃት ቤቷ ሄድኩ።

«አባባ፣ እርስዎም እኮ ሴት ልጅ አለዎት» አለችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አንቺም እዚያ ባለሽበት ተጠባባቂ ነርስ ነሽ። በደወልኩ ቁጥር «ደህና ነኝ አባዬ» ትይኛለሽ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ስልኩን እዘጋለሁ። እባክሽ ልጄ፣ ካረፍሽ ስንት ቀንሽ ነው? እውነቱን ጻፊልኝ። አምላክ የምታርፊበት ቀን አያሳጣሽ።

አባትሽ