ጋሽ ሙሐመድኑርን የማርኩበት ሰሞን

የካቲት 4
ብርድ። የድራማ ክበቡ ልምምድ ተጀመረ። የመረጥኩት የድሮ የባሕር ማዶ ኮሜዲ ነው። ሃይማኖቱ የተለየ አንድ ነጋዴ ይከሰሳል። ዳኛዋ «ምረንሃል» ትለውና ሃይማኖቱን ታስቀይረዋለች። ከዚያ ሳቅ፣ ሰርግ…
ዳኛዋን የምትጫወተው ተማሪዬ ሁዳ፦ «ቲቸር፣ ይሄ ምኑ ነው ምሕረት?»
ኮሜዲ ነው አልኳት። ልጅ ናት።

የካቲት 7
ነጋዴው የምን ሃይማኖት ይሁን? የወላጅ ኮሚቴው ሁለት ሰዓት ተጨቃጨቀ። ክርስቲያኖቹ ሙስሊም ይሁን፣ ሙስሊሞቹ ክርስቲያን ይሁን። በመጨረሻ በአንድ ድምፅ ተስማሙ፦ የጎረቤት ወረዳ፣ የኩታበር ሰው ይሁን። ተቻችሎ መኖር እንዲህ ነው።

የካቲት 11
የዳኛዋ ቀይ ካባ ከዕቃ ክፍል ጠፋ! ቁልፍ ያለን እኔና ጥበቃው ጋሽ ሙሐመድኑር ነን። እኔ አልወሰድኩም። እንግዲህ…
ሃይማኖቱን አይቼ አይደለም። የኛ ሰው ቢሆንም እጠረጥር ነበር። መሰለኝ።

የካቲት 13
ልምምድ ላይ፣ ልጆቹ ፊት ጠራሁት።
«ጋሽ ሙሐመድኑር፣ የካባውን ነገር ለርእሰ መምህሩ አልናገርም። ምሬዎታለሁ።»
«ምን አጥፍቼ?»
«ተዉት፣ አለፈ።»
«ወላሂ መምህር ይሄነው፣ ሳልጠየቅ ሳይፈረድብኝ ምኑን ነው የሚምሩኝ?»
ልጆቹ አጨበጨቡልኝ። ሁዳ ብቻ እጇን አጣጥፋ ቆመች። ቀኑን ሙሉ ልቤ ቀለል አለኝ። ደግ ሰው ነኝ።

የካቲት 14
ልጆቹ «የተማረው ዘበኛ» ይሉታል አሉ። ሳቅሁ።

የካቲት 18
ባለቤቴ የኔአለም ካባውን ይዛ ገባች። «ልብስ ሰፊው ጨረሰው።»
የምን ልብስ ሰፊ?
«አንተው አይደለህ ጫፉ ተተርትሯል፣ አሰፊው ብለህ ያመጣኸው!»
እኔው…

የካቲት 19
ከዕቃ ክፍሉ ጀርባ አገኘኋቸው። ማንም አልነበረም። «አፉ በሉኝ» አልኩ፣ በሹክሹክታ።
«ሲያዋርዱኝ ልጆቹ ፊት፣ ሲክሱኝ ጓሮ?» አሉኝ። ትተውኝ ሄዱ።

የካቲት 21
የትርዒቱ ቀን። መጋረጃው ሳይገለጥ መድረክ ወጣሁ። «ጋሽ ሙሐመድኑር ካባ አልሰረቁም። ቤቴ ወስጄ የረሳሁት እኔ ነኝ!»
አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የኮሜዲው መጀመሪያ መሰላቸው! ኮሚቴው ብድግ ብሎ አጨበጨበ። በሩ ጋ የቆሙት ጋሽ ሙሐመድኑር አልሳቁም።
ስወጣ፦ «ሰኞ ሰልፍ ላይ ይድገሙልኝ። ያለ ድራማ።»

የካቲት 24
ደገምኩት። ባንዲራው ሥር። የጠረጠርኩበትንም ምክንያት ጨምሬ ተናገርኩ… ማንም አልሳቀም፣ ማንም አላጨበጨበም።
ጋሽ ሙሐመድኑር በዝግታ መጡና እጄን ያዙ። «አፉ ብያለሁ።»
ምኑን ብዬ አልጠየቅኋቸውም።