ድመትህን ደውለህ ተቆጣት

ለልጄ ለሲላስ፣

የጌታ ሰላም ደቡብ አፍሪካ ባለህበት ይድረስህ። እኛ ይቺ ድመትህ አማረረችን እንጂ በጌታ ቸርነት ደህና ነን።

ቆጮ በአይብ ካልሆነ አትቀምስም። ከሶፋው ላይ ላውርድሽ ስላት ትቧጭረኛለች። ባጃጅ በራችን ላይ በቆመ ቁጥር እየጮኸች ትሮጣለች፤ እናትህም ጫማ እንኳ ሳታደርግ ተከትላት ትወጣለች። ጎረቤት ምን ይለናል?

ለመስቀል እናትህ በቅቤ የራሰ የቡላ አታካና ሠርታ፣ እንደ ልማዷ ያንተን ድርሻ በጣባ ከድና አስቀመጠችልህ። አምና ደውለህ «ለድመቷ ስጧት» እስክትል ድረስ ማንም አልነካውም ነበር። ዘንድሮም ቅቤው እስኪረጋ ስልክህን ጠበቅን። በኋላ ድመቷ ክዳኑን ገልብጣ ስትበላ ዱላ አነሳሁ። እናትህ ግን እጄን ይዛ «ተዋት፤ እሷ እንኳ ትብላለት» አለችኝ።

ይህን ወረቀት የሚያመጣልህ ጎረቤታችን ነስሩ ነው። በእጅህ እንጂ ለሌላ ለማንም እንዳይሰጥ አስምዬዋለሁ።

ድመቷ እኛን ከቶ አትሰማም። እባክህ አንተው ደውልና ተቆጣት።

ጌታ በጥላው ይጋርድህ። እናትህም ድመትህም ስልኩ አጠገብ ናቸው።

አባትህ አክሊሉ፣
ከሆሳዕና