በዳዊቱ ማኅደር ውስጥ ያለው ወረቀት

ይድረስ በአሥመራ ለሚኖሩት ለታላቅ እህቴ ለእመት ይታየሽ፤

እትዬ፣ ሰላምታ ማስቀደም ወጉ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስንቱን ባለጉዳይ ወግ ያስያዝኩ ራፖር ጸሐፊ ነኝ። ዛሬ ግን ጥፋቴን ላስቀድም። ሰላምታውን ካስቀደምኩ እንደ ልማዴ እዚያው ውስጥ ተደብቄ እቀራለሁ። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ባለቤቴ አልጣሽ ታማ ሳለች፣ እርስዎ «በቃሬዛ ኮረም አውርዳትና መኪና አሳፍራት፤ እኔ እዚህ ሆስፒታሉ ደጅ ቆሜ እቀበላታለሁ» ብለው ጻፉልኝ። እኔም «የጤና ጣቢያችን ድሬሰር አይቷት ተስፋ የላትም፣ መንገዱንም አትችለውም ብሏል» ብዬ መለስኩልዎ። ድሬሰሩ እንዲያ አላለም። ያለው ሌላ ነው፤ በወረቀትም ጽፎ ሰጥቶኛል። ወረቀቱ እስከ ዛሬ ድረስ በዳዊቴ የቆዳ ማኅደር ውስጥ አለ። ለለቅሶ መጥተው «የተቻለህን አድርገሃል፣ አይዞህ» ብለው ትከሻዬን ሲይዙኝም ወረቀቱ እዚያው ነበር።

አሁን ሰላምታዬን ይቀበሉኝ፤ ከተቀበሉኝ። እንዴት ከርመዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው፣ ያን የቤታችሁን ደረጃ መውጣት ቻለልዎ? ባለቤትዎ አቶ ደሴ ከባቡሩ ሥራ ዕረፍት አገኙ? ልጆቹስ፣ እማሆይስ? እኔ ለነፍሴ ካልሆነ ለሥጋዬ ደህና ነኝ፤ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን። ዓይኔ ደከም ብሏል፤ ጥቃቅኑን ፊደል ራቅ አድርጌ ነው የማነበው። አገሩ እንዳለ ነው። በልጉ ግን ዘንድሮም አላማረም፤ ሰዉ ሰማዩን ቀና ብሎ አይቶ ወሬ ይለውጣል።

ልጄ ጥሩሐረግ ዐሥራ ሰባት ዓመት ሞላት። ቁመቷ የእናቷን አልፏል፤ ስትቆጣ ከንፈሯን የምትነክሰው ግን እንደ እናቷ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ናት። ነገሩ ሁሉ የመጣብኝ ከትምህርት ቤቷ ነው። ጥቅምት ላይ የክርክር ክበብ የሚባል ተቋቋመና ገባችበት። ክበብ ስትለኝ የማኅበር ዓይነት መስሎኝ «በማን ስም ነው የምትጠጡት? ሙሴውስ ማነው?» ብዬ ጠየቅኋት። እስኪያማት ሳቀችብኝ።

ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት በኋላ አንድ ክፍል ገብተው በሩን ይዘጋሉ። ነፋሱ ወረቀታችንን እየበተነ ነው ይላሉ። እኔ በር ሲዘጋ አልወድም። መምህሩ በሪሁን ይባላል፤ ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ የመጣ፣ ጫማውን በየቀኑ የሚወለውል ጎልማሳ ነው። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፣ በልቤ ግን አንተ ነው። የሩቅ አገር ሰው የኛን ልጆች ሰብስቦ በር ዘግቶ ምን ያስተምራል? እትዬ ያውቁኛል። ፍርድ ቤቱ ደጅ ዛፍ ሥር ተቀምጬ የሰውን ነገር ስጽፍ ሃያ ዓመት ሆነኝ፤ ሰው ዝም ብሎ «እንደምን አደርክ» ሲለኝ እንኳ ምን ፈልጎ ነው እላለሁ።

አንድ ማክሰኞ ቀለሜን ቶሎ ከድኜ በመስኮታቸው ሥር ተቀመጥኩ፤ ግንቡን ተደግፌ፣ ዳዊት እንደሚደግም ሰው ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ። ዳዊት አልደገምኩም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። አሠራራቸው እንዲህ ነው። አንድ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤ የዚያን ቀን «ከውሃና ከእሳት ለሰው ልጅ የሚበልጠው የቱ ነው» የሚል ነበር። አራት ሆነው ሁለት ሁለት ይከፈላሉ። ማን በየትኛው ወገን እንደሚቆም የሚለየው በዕጣ ነው፤ መምህሩ የተጠቀለለ ወረቀት ባርኔጣው ውስጥ ጨምሮ ያስወጣቸዋል። አንዱ ተነሥቶ አምስት ደቂቃ ይናገራል። አራተኛው ደቂቃ ላይ መምህሩ በዳስተር ጠረጴዛውን አንዴ ይመታል፣ አምስተኛው ላይ ሁለቴ። ሁለቴ ከተመታ በኋላ ወርቅ ቢናገር አይቆጠርለትም። አንዱ ሲናገር ሌላው ትንፍሽ አይልም፤ እየሰማ ይጽፋል፣ ተራው ሲደርስ አንድ በአንድ ይመልሳል። ሦስት ዳኞች ከኋላ ተቀምጠው ለአነጋገሩ፣ ለማስረጃው፣ ለአመላለሱ ለየብቻ ነጥብ ይሰጣሉ።

ምንዋጋው የሚባል ልጅ አለ። አገሩ አበርገሌ ነው፣ ከኒሯቅ ወዲያ፤ እዚህ ቤት ተከራይቶ ይማራል፣ ለጥሩሐረግም የክርክር ጓደኛዋ ነው። አፉን የፈታው በኽምጣና ስለሆነ ነገሩ ሲያይልበት አማርኛው ይሰባበርበታል፤ ያ ደግሞ ይበልጥ ያምርለታል። ያን ቀን ዕጣው ውሃ ነበር። በበጋ ከብቶቹን ተከዜ ሊያደርስ ሲነዳ የወደቀችበትን ላም ሲያወራ፣ እኔ መስኮቱ ሥር ሆኜ በነጠላዬ ዓይኔን ጠረግኩ። በሳምንቱ ተመልሼ ብቀመጥ ያው ልጅ፣ በዚያው ድምፅ፣ ለእሳት ቆሞ ውሃን ያዋርዳል። ለካ ያቺ ላም ለክርክር ነው የወደቀችው። ደሜ ፈላ።

ራት ላይ ጥሩሐረግን «ልቡ ያላመነበትን ነገር በአፉ የሚናገር ሰው ምን ይባላል?» አልኳት። ቀና ሳትል «ራፖር ጸሐፊ» አለችኝ። «አባባ፣ እርስዎስ ጠዋት ለከሳሹ፣ ከሰዓት ለተከሳሹ ይጽፉ የለ? ያውም አልቅሼ አመለክታለሁ እያሉ። መቼ ነው አልቅሰው የሚያውቁት?» የጎረስኩትን ማላመጥ ረሳሁ።

ካለፈው ሳምንት በፊት የጉዞ ወረቀት ይዛ መጣች። ወልድያ ላይ ሦስት ትምህርት ቤቶች ሊከራከሩ ነው፤ ከኛ አራት ተማሪ ከመምህሩ ጋር ይሄዳል፣ ወላጅ ይፈርም ይላል። አልፈርምም አላልኩም፤ ቀለም አልቆብኛል አልኩ። ራፖር ጸሐፊ ቀለም አለቀብኝ ሲል ያስቡት። የወልድያው ጥያቄ ምንድን ነው ብላት «ሲደርስ ይሰማሉ» ብላ ዓይኗን ከእኔ አሸሸች። በቃ፣ አንድ ነገር አለ አልኩ። ቅዳሜ ገበያ ስትሄድ ደብተሯን ከትራሷ ሥር አወጣሁ። ይህንንም ከጥፋቴ ይቁጠሩት።

ከላይ «ልጅን ለቁም ነገር የሚያበቃ እናት ናት ወይስ አባት?» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ በልጄ እጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «አባት የፈራውን ነገር ጥንቃቄ ብሎ ይጠራዋል። ሲጠራጠር ብልህ የሆነ ይመስለዋል። እናት ግን ልጇ ሲታመም መንገዱ ሩቅ ነው ወይ ብላ አትጠይቅም፤ አዝላው ትነሣለች።»

እትዬ፣ ደብተሩን እንደያዝኩ ሄጄ ዳዊቴን ከችካሉ አወረድኩ። ወረቀቱ ከማኅደሩ ውስጥ አለ። ግን የታጠፈው በሦስት ነበር ወይስ በአራት? ዘጠኝ ዓመት ሳልገልጠው የኖርኩትን አስተጣጠፉን በምን ላስታውስ? አግኝታዋለች አልኩ። መምህሩም ያውቃል፣ ምንዋጋውም ያውቃል፤ ወልድያ ድረስ ወስደው በሦስት ትምህርት ቤት ፊት ሊያቆሙኝ ነው አልኩ።

ሰኞ ጠዋት መምህሩ ዘንድ ሄድኩ። «ልጄን በእኔ ላይ እንድትነሣ የሚያስተምሯት እርስዎ ነዎት?» አልኩት። አልተቆጣም። የትኛውን ገጽ እንዳነበብኩ ጠየቀኝ። ለካ ሕግ አላቸው፤ በግራው ገጽ የራሳቸውን ቃል፣ በቀኙ ገጽ ባላጋራቸው ሊለው የሚችለውን ይጽፋሉ፤ ያውም እሱ ራሱ ከሚለው አሳምረው። «አቶ ተስፋው፣ ጥሩሐረግ ዕጣዋ አባት ነው» አለኝ። «ያነበቡት ተቃራኒዎቿ ይሉኛል ብላ የጠረጠረችውን ነው። እኔ እንዲጠረጥሩ ነው የማስተምራቸው፤ ከሁሉ በፊት ግን የራሳቸውን ቃል።» ከዚያ መሳቢያውን ስቦ እንዲያርምላት የሰጠችውን ግልባጭ አወጣልኝ። «ልታስደንቅዎት ብላ ነው የደበቀችዎት» አለኝ።

እንዲህ ይላል፦ «እናቴ በታመመች ጊዜ አባቴ ያላንኳኳው በር የለም። ሐኪሙ ተስፋ የላትም፣ መንገዱንም አትችለውም ቢለው እንኳ እጁን አልሰጠም። በበቅሎ ደግፎ ጠበል አደረሳት፤ ስትሞትም እኔን አሳደገ። ማስረጃዬ እኔው ነኝ፤ አባቴም ቢጠየቅ ይመሰክራል።» በኅዳጉ ላይ መምህሩ በቀይ ቀለም «ማስረጃው ጠንካራ ነው። ትክክል መሆኑን አባትሽን ጠይቂ» ብሎ ጽፏል። ማስረጃው ሐሰት ሆኖ ከተገኘ፣ አለኝ፣ ዳኞቹ የሚሰርዙት ነጥቡን ብቻ አይደለም፤ ተናጋሪውን ነው።

ያን ሁሉ ቀን በር ዘግቶ የሚሸርብ ሰው ስፈልግ ኖሬ ሸራቢው እኔ ሆኜ ተገኘሁ። ልጄ ምንም አታውቅም። ለእርስዎ የጻፍኩትን ቃል፣ ለለቀስተኛው ሁሉ የደገምኩትን፣ እንደ እውነት ይዛ ልትቆምበት ነው።

ማክሰኞ ጠየቀችኝ። ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ እርሳሷን ይዛ «አባባ፣ ድሬሰሩ በትክክል ያለዎት ምን ነበር? መምህሩ አረጋግጪ ብለውኝ ነው» አለች። እኔም «ተስፋ የላትም አለ» አልኳት። ጻፈችው። ከሥሩም አሰመረችበት።

ወረቀቱ የሚለውን ልንገርዎ። «ሕመሟ በኦፕራሲዮን ሊድን ይችላል፤ ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል ትወሰድ» ነው የሚለው። ድሬሰሩን ጠረጠርኩት። እጁ ላይ እንዳትሞትበት ከራሱ ሊያርቃት ነው አልኩ። ሆስፒታል ወስደው ይቀዷታል፣ መንገድ ላይ ያለ ቄስ ትሞትብኛለች፣ ሬሳዋ ባዕድ አገር ይቀራል አልኩ። ጠበሉን አላማም። የነፍስ አባቴ መምሬ ዘበነ «ጠበሉንም አስጠምቃት፣ ሐኪሙ ዘንድም አድርሳት፤ ሁለቱም የእሱ ነው» ብለውኝ ነበር። ስምንት ጎረቤት ቃሬዛ አበጅቶ ደጄ ላይ ይጠብቀኝ ነበር። ነገ፣ ነገ እያልኩ ዐሥራ ሁለት ቀን አቆየኋቸው። በዐሥራ ሦስተኛው በዚያው ቃሬዛ ቤተ ክርስቲያን ወሰድናት። አልጣሽ አንዴ ብቻ «ወረቀቱ ምን ይላል?» ብላኛለች። እሷ ፊደል አልቆጠረችም። «መድኃኒት እንዳትረሺ ነው» አልኳት።

ብትሄድ ትድን ነበር አልልም፤ ያን የሚያውቀው ፈጣሪ ነው። እኔ የማውቀው እንዳትሄድ ማድረጌን ነው። በየዓመቱ ንስሐ ስገባ «ለሚስቴ በቅጡ አልተጠነቀቅኩም» እላለሁ እንጂ ወረቀቱን አንሥቼ አላውቅም። መምሬ የሰጡኝን ስግደት ስሰግድ እንኳ ዳዊቱ ከፊቴ ተሰቅሎ ነው። ለምን እንዳልቀደድኩት ራሴን ጠይቄያለሁ። ጸሐፊ ስለሆንኩ ይሆናል፤ የሰው ማስረጃ ቀድጄ አላውቅም።

የጉዞውን ወረቀት ትናንት ፈርሜ ሰጥቻታለሁ፤ ቀለሙ ከየት መጣ ብላ አልጠየቀችኝም። የምነግራትን ከመንገሬ በፊት ፈረምኩት፣ ይቅርታ ለማግኘት የከፈልኩት እንዳይመስላት። የሚሄዱት ሰኞ ነው። በስንት ቃል እንደምነግራት ሳላውቅ ለእርስዎ መጻፍ ጀመርኩ። የራፖር ጸሐፊ ነገር፣ አስቀድሜ በወረቀት ካላየሁት አፌ አይታዘዘኝም።

እንግዲህ ለአቶ ደሴ እጅ እነሣለሁ ይበሉልኝ፤ ያኔ ከመሥሪያ ቤታቸው ፈቃድ ጠይቀው አልጣሽ ትመጣለች ብለው አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ሁለት ቀን እንደጠበቁን አልረሳሁም። እማሆይ አመተ ሥላሴ በጸሎታቸው ያስቡኝ፤ ስሜን ሲያነሡ የአልጣሽንም ያንሡ። ትሁትን ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ የላከችውን ፎቶግራፍ ግድግዳ ላይ ሰቅለነዋል። ለጥሩአየሁ በትምህርቱ እንዲበረታ አጎትህ ይልሃል ይበሉት፤ ጠያቂ ልጅ ነው ብለውኝ ነበር፣ አይከልክሉት። እርስዎም ሊቆጡኝ ቢፈልጉ ተቆጥተው ይጻፉልኝ። ዝም ብለው አይቅጡኝ። ደብዳቤውን እሑድ ወደ ኮረም ለሚወርድ ነጋዴ እሰጠዋለሁ።

እዚህ ላይ ልዘጋው ስል ጥሩሐረግ ከትምህርት ቤት ገባች። ከእንግዲህ መደበቁ ምን ያደርጋል፣ ንግግሬን ላሰማዎት ነው ብላ መሀል ቤቱ ላይ ቆመች። ሰዓቴን ከእጄ ፈታ ፊቴ አስቀመጠችና «አባባ፣ አራተኛው ደቂቃ ላይ አንዴ፣ አምስተኛው ላይ ሁለቴ ይምቱልኝ፤ እንዳይረሱ» አለች። ጀመረች። አነጋገሯ ሸጋ ነው እትዬ፤ የሚያምኑትን ነገር እንደሚናገሩ ሰዎች አትቸኩልም። «እናቴ በታመመች ጊዜ አባቴ» የሚለው ላይ ስትደርስ ጠረጴዛውን ሁለቴ መታሁ።

«ገና ነው እኮ፣ ሁለት ደቂቃም አልሞላ» አለችኝ።

ተነሣሁ። ዳዊቴን ከችካሉ አወረድኩ፤ ወረቀቱን ከማኅደሩ አውጥቼ፣ እጥፋቱን ዘርግቼ በእጇ ሰጠኋት።

ወንድምዎ ተስፋው
ሰቆጣ፣ በሚካኤል ዋዜማ፣ ግንቦት ፲፩ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.